የጠፈር ጨረርና የሰው ልጅ ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጠፈር ጉዞ አደጋ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሮኬት ፍንዳታ ወይም የኦክስጅን ማለቅ ነው። ለረጅም ጉዞ የሚዘጋጁትን ባለሙያዎች ግን ከእነዚህ ባልተናነሰ የሚያሳስባቸው የማይታየው፣ የማይሸተውና በተጎዳው ሰው ላይ ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ የሚችለው ጨረር ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

በጠፈር ያለው ጨረር በሆስፒታል ከምናውቀው ራጅ በምን ይለያል?

ራጅ እንደ ብርሃን የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው፤ ክብደትም የኤሌክትሪክ ቻርጅም የለውም። ጠፈርተኞችን የሚያሰጋው ጨረር ግን በአብዛኛው ከቅንጣቶች የተሠራ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ኤሌክትሮኖቻቸው የተገፈፉባቸው የአቶም ኒውክለሶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይወነጨፋሉ። ቻርጅ ስላላቸውም በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያገኟቸውን አቶሞች ኤሌክትሮን እየነጠቁ፣ ሞለኪውሎችን እየሰባበሩ ይሄዳሉ።

የጉዳቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ቀላል ሕግ ማወቅ ይበቃል። ቅንጣቱ በመንገዱ ላይ የሚጥለው ጉልበት በቻርጁ ካሬ ልክ ይጨምራል። የብረት ኒውክለስ 26 ፕሮቶኖች ስላሉት፣ በእኩል ፍጥነት ከሚጓዝ አንድ ፕሮቶን ጋር ሲነጻጸር በሚያልፍበት መስመር ላይ 676 እጥፍ ጉልበት ያራግፋል። ራጅ ተመሳሳይ ጉልበት በሰውነት ውስጥ ቢተው እንኳ የሚተወው እዚህም እዚያም በትኖ ነው፤ የብረት ኒውክለስ ግን ሁሉንም በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ያጎርፈዋል። በዚያ መስመር ላይ የተገኘ ሕዋስ የሚደርስበትን ጉዳት መጠገን እጅግ ይከብደዋል።

ይህ ጨረር ከየት ይመጣል?

ምንጮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚመጣው ጋላክሲያዊ የኮስሚክ ጨረር ነው። ፍንዳታ ያጋጠማቸው ግዙፍ ከዋክብት ትተውት የሚሄዱት የድንጋጤ ሞገድ ከዋነኞቹ መነሻዎቹ አንዱ እንደሆነ ይታመናል። ከመቶው 90 ያህሉ ፕሮቶን፣ 9 ያህሉ የሂሊየም ኒውክለስ ሲሆን፣ የቀረው አንድ እጅ እንደ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ብረት ያሉ ከባድ ኒውክለሶችን ይይዛል። ይህ አንድ እጅ በቁጥር ትንሽ ቢሆንም በጉዳት ድርሻው ግን ትንሽ አይደለም። የዚህ ጨረር መኖር የታወቀው ሰው ወደ ጠፈር ከመውጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ባደረገው ልኬት ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨረሩ እየበረታ መሄዱን በማየቱ፣ ምንጩ ከምድር ሳይሆን ከላይ መሆኑን አስረዳ፤ በ1936ም ለዚህ ግኝት የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሁለተኛው ምንጭ ፀሐይ ናት። በገጽዋ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲከሰት በዋናነት ፕሮቶኖችን ያቀፈ ማዕበል ትረጫለች። ይህ ማዕበል ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ መቼ እንደሚነሣም በእርግጠኝነት አስቀድሞ መተንበይ አይቻልም።

ሦስተኛው በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ተጠምደው የሚሽከረከሩ ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህም በ1958 ኤክስፕሎረር 1 የተባለችው ሳተላይት በላከችው መረጃ አማካይነት በጄምስ ቫን አለን ስለተገኙ የቫን አለን ቀበቶዎች ተብለው ይጠራሉ።

ታዲያ በምድር ላይ ያለን ሰዎች ለምን አንጎዳም?

ብዙ ሰው ምስጋናውን ሁሉ ለምድር መግነጢሳዊ መስክ ይሰጣል። መግነጢሳዊው መስክ ብዙ ቅንጣቶችን አቅጣጫ አስቶ እንደሚመልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ ጋሻዎች ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከባቢ አየር ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የአየር ክብደት አንድ ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ይህም 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ሥር እንደመኖር ይቆጠራል። በዋልታዎች አካባቢ መግነጢሳዊው ጥበቃ የሳሳ ቢሆንም በዚያ የሚኖሩ ሰዎች በጠፈር ጨረር የማይታመሙት በዚሁ ምክንያት ነው። መንኮራኩር ይህን ያህል ክብደት ያለው ጋሻ ተሸክማ ልትነሣ አትችልም። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጠኑ የሚለካው በምንድን ነው? ቁጥሮቹንስ ከምን ጋር እናነጻጽራቸው?

ሁለት መለኪያዎች አሉ። ግሬይ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል ውስጥ የቀረውን ጉልበት ይለካል። ሲቨርት ደግሞ ያ ጉልበት በየትኛው ዓይነት ቅንጣት እንደመጣ ታሳቢ አድርጎ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ይገምታል፤ ከባድ ኒውክለስ የጣለው አንድ ግሬይ ከራጁ አንድ ግሬይ የላቀ ሲቨርት የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በዕለት ተዕለት አሠራር የምንጠቀመው የሲቨርትን አንድ ሺሕኛ፣ ማለትም ሚሊሲቨርትን ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ሰው ከአለት፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በሚመጣ ተፈጥሯዊ ጨረር በዓመት የሚወስደው የዓለም አማካይ መጠን 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ሲሆን፣ የደረት ሲቲ ስካን 7 አካባቢ ይደርሳል። ከጨረር ጋር ለሚሠሩ የምድር ሠራተኞች ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን የሚመክረው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ ተሰልቶ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው።

በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩ ጠፈርተኞች ምን ያህል ይወስዳሉ?

ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞር ከከባቢ አየሩ ጥበቃ ውጭ፣ ከመግነጢሳዊው መስክ ጥበቃ ግን ውስጥ ነው። ስለዚህም ነዋሪዎቹ እንደ ፀሐይ ሁኔታና እንደ ጣቢያው ከፍታ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሲቨርት ያህል ይወስዳሉ። በናሳ ግምት በስድስት ወር ቆይታ የሚጠራቀመው ከ80 እስከ 160 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ይህም በምድር ላይ ያለ ሰው ከተፈጥሮ በአሥርት ዓመታት የሚያገኘውን ያህል ነው።

መጠኑ በጉዞው ሁሉ እኩል አይደለም። ከብራዚል አጠገብ ባለው የደቡብ አትላንቲክ ክልል ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ስለሚዳከም፣ የውስጠኛው የቫን አለን ቀበቶ ወደ ምድር ዝቅ ይላል። ጣቢያው በዚህ ክልል ውስጥ በየቀኑ የሚያልፈው ለአጭር ጊዜ ቢሆንም፣ ከዕለቱ መጠን ከፍተኛ ድርሻ የሚወሰደው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ከጣቢያው ውጭ የሚከናወን ሥራ ሲታቀድ ሰዓቱ ከዚህ ማለፊያ ጋር እንዳይገጥም ይደረጋል፤ የሀብል ቴሌስኮፕም በዚያ ሲያልፍ ምልከታውን ያቋርጣል።

ጨረሩ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን በያዘው ባለ ሁለት ክር ሞለኪውል፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ ነው። ቅንጣቱ ዲኤንኤውን በቀጥታ ሊመታው ይችላል፤ ወይም በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሰብሮ ከውኃው የሚፈጠሩት ኃይለኛ ሞለኪውሎች ዲኤንኤውን ያጠቁታል። ከሁለቱ ክሮች አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ሕዋሱ ሌላኛውን እንደ መመሪያ ተጠቅሞ በቀላሉ ይጠግነዋል። ከባድ ኒውክለስ ሲያልፍ ግን ሁለቱም ክሮች በተቀራረቡ በርካታ ቦታዎች ስለሚቆረጡ፣ ጥገናው የተሳሳቱ ጫፎችን እርስ በርስ ሊያገናኝ ይችላል። ሕዋሱ ከሞተ ሌላ ይተካዋል፤ የሚያሰጋው ስሕተቱን ይዞ መባዛት የቀጠለው ነው።

ከፍተኛ መጠን በአጭር ጊዜ ሲወሰድ የሚከተለው አጣዳፊ የጨረር ሕመም ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ግሬይ ያህል በሰዓታት ውስጥ የወሰደ ሰው ሊያቅለሸልሸውና ሊያስመልሰው ይችላል፤ መጠኑ ከዚህ ሲጨምር መቅኔ የደም ሕዋሳትን ማምረት ያቅተዋል። አራት ግሬይ ገደማ የወሰዱ ሰዎች ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በጠፈር ጉዞ ታሪክ እስካሁን እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበት ጠፈርተኛ የለም። በራስ ቁር ውስጥ ማስመለስ ግን መቅኔ እስኪዳከም ሳይጠበቅ በራሱ ገዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝቅተኛ የሚመስለው መጠንም በቸልታ አይታይም።

አዝጋሚዎቹ ጉዳቶች የሚታሰቡት በሌላ መንገድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ካንሰር ሲሆን፣ በተለመደው ስሌት አንድ ሙሉ ሲቨርት መውሰድ በካንሰር የመሞትን ዕድል በ5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ስሌት በዋናነት የተመሠረተው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በተደረገላቸው ክትትል ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች የተመቱት በአብዛኛው በጋማ ጨረር፣ ያውም በቅጽበት ነው፤ ጠፈርተኛ ግን የፕሮቶንና የከባድ ኒውክለስ ድብልቅን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ግምት ይጠይቃል፤ በዚህ ርዕስ ላይ የሚቀርብ ማንኛውም የመቶኛ ቁጥር ሰፊ ጥርጣሬን ያዘለ መሆኑን አንባቢ ልብ ቢል መልካም ነው።

ከካንሰር ሌላ የዓይን ሞራ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም፣ እንዲሁም በአንጎል ላይ ሊደርስ የሚችል ጉዳት ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ ብሩክሄቨን በሚገኘውና ከ2003 ጀምሮ በሚሠራው የናሳ ቤተ ሙከራ ከባድ ኒውክለሶችን በማፍጠኛ መሣሪያ አፍጥነው በአይጦች ላይ በመልቀቅ የተደረጉ ሙከራዎች በማስታወስና በመማር ችሎታ ላይ መቀነስ አሳይተዋል። አይጥ ሰው ባይሆንም፣ እንዲሁም በሙከራው መጠኑ በአጭር ጊዜ የተሰጠ ቢሆንም፣ በማርስ መንገድ ላይ ያለ አብራሪ ውሳኔው ከተዛባ ማረሚያ የማያገኝ በመሆኑ ውጤቱ በጥንቃቄ ይታያል። በ2015 እና 2016 በጣቢያው 340 ቀናት የቆየው ስኮት ኬሊም ምድር ላይ ከቀረው መንትያ ወንድሙ ከማርክ ጋር ሲነጻጸር በክሮሞሶሞቹ ውስጥ የተገለበጡ ክፍሎች ተገኝተውበታል፤ ከፊሎቹም ከተመለሰ በኋላ ቆይተዋል።

ጠፈርተኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ብልጭታ ያያሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በአፖሎ 11 ጉዞ ላይ በዝ አልድሪን በጨለማ ውስጥ የብርሃን ብልጭታና ጭረት እንዳየ ከተናገረ በኋላ የቀጣዮቹ ጉዞዎች አባላት ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን ገለጹ፤ በአፖሎ 16 እና 17ም ለዚሁ የተሠራ መመዝገቢያ በራስ ላይ ተደርጎ ጥናት ተካሄደ። ምክንያቱ የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት በዓይን ውስጥ ሲያልፍ ብርሃን ተቀባዩን ሽፋን መቀስቀሱ ነው። ጠፈርተኛው አንድ ቅንጣት በሰውነቱ ውስጥ ሲያልፍ በራሱ ስሜት የሚያውቅበት ብቸኛው አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የፀሐይ ማዕበል በመንገድ ላይ ያለ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል?

ያለ መጠለያ ከተገኘ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ በነሐሴ ወር መጀመሪያ 1972 እ.ኤ.አ. የተነሣው ማዕበል ነው። አፖሎ 16 በሚያዝያ ተመልሳ፣ አፖሎ 17 ደግሞ በታኅሣሥ ልትነሣ በነበረበት መካከል ስለደረሰ በመንገድ ላይ ማንም አልነበረም። በጨረቃ ገጽ ላይ በጠፈር ልብስ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው በዚያን ቀን ቢገኝ ኖሮ ለአጣዳፊ የጨረር ሕመም ሊዳረግ ይችል ነበር፤ ግድግዳዋ በወፈረው ዋና መንኮራኩር ውስጥ ያለ ሰው የሚወስደው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይሆን ነበር።

ማስጠንቀቂያው አጭር ነው። የፍንዳታው ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥርት ደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ዘግይተው ይከተላሉ። በጥር 20 ቀን 2005 እንደሆነው ግን ፈጣኖቹ ከብርሃኑ ብዙም ሳይርቁ ሊደርሱ ይችላሉ። ያም ሆኖ የፀሐይ ፕሮቶኖች ጉልበት ከጋላክሲያዊው ጨረር ያነሰ በመሆኑ በቂ ውፍረት ያለው መጠለያ አብዛኞቹን ያስቀራል። በመንኮራኩሯ መሐል የምግብ፣ የውኃና የዕቃ ከረጢቶችን ግድግዳ አድርጎ ለአንድ ሁለት ቀን መጠጋት አደጋውን ከሞት ወደ ተራ ችግር ያወርደዋል። በግንቦት 2024 ማርስን የመታው ኃይለኛ ማዕበል ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ12 ዓመት ቆይታዋ ከለካቻቸው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ በገጹ ላይ ሰው ቢኖር 8.1 ሚሊግሬይ ያህል በወሰደ ነበር። ይህ መልካም ነገር ባይሆንም ሰው የሚገድል መጠን አይደለም።

በዜና ርዕስነት የሚጮኸው ማዕበሉ ነው። ለረጅም ጉዞ አስቸጋሪው ግን ያለማቋረጥ የሚዘንበው ጋላክሲያዊ ጨረር መሆኑ በቂ ትኩረት የሚያገኝ አይመስለኝም።

የአፖሎ ሰዎች በቫን አለን ቀበቶዎች ውስጥ አልፈው እንዴት ተረፉ?

በፍጥነት በማለፋቸው ነው። የጉዞው መስመር ከውስጠኛው ቀበቶ ጥቅጥቅ ያለ ክፍል እንዲርቅ የተቀየሰ ሲሆን፣ ቀበቶዎቹን ለማቋረጥ የፈጀው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። ከአፖሎ ጉዞዎች ከፍተኛው አማካይ መጠን የተመዘገበው በአፖሎ 14 ሲሆን፣ እሱም 11 ሚሊግሬይ ገደማ ብቻ ነበር። ወደ ጨረቃ መሄድ በጨረር ምክንያት አይቻልም የሚለው ክርክር በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

መንኮራኩሯን በእርሳስ መሸፈን ለምን አይቻልም?

ክብደቱን ለጊዜው እንተወውና፣ እርሳስ በራጅ ክፍል ውስጥ የሚጠቅመውን ያህል በጠፈር አይጠቅምም። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ቅንጣት ከትልቅ የአቶም ኒውክለስ ጋር ሲጋጭ ይሰባብረዋል፤ ከስብርባሪውም ኒውትሮንና ሌሎች ቅንጣቶች በብዛት ይወጣሉ። ጠፈርተኛው ከአንድ ቅንጣት ለመዳን ሲል የብዙ ቅንጣቶች ውርጅብኝ ሊቀበል ይችላል። የተለመደው የመንኮራኩር ብረት፣ ማለትም አሉሚኒየምም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም፤ ውፍረቱን ከተወሰነ ልክ በላይ መጨመር በጋላክሲያዊው ጨረር ላይ የሚያስገኘው ጥቅም እየመነመነ ይሄዳል።

የተሻለው ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው። የሃይድሮጅን ኒውክለስ አንድ ፕሮቶን ብቻ በመሆኑ የሚሰበር ነገር የለውም፤ በክብደት ሲታይም ቅንጣቶችን በማዘግየት ከሌሎች ይበልጣል። ውኃና ፖሊኢትሊን የተባለው ተራ ፕላስቲክ የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። በጠፈር ጣቢያው የመኝታ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የፖሊኢትሊን ንጣፍ ተደርጓል፤ ሰው ከቀኑ ሲሶውን የሚያሳልፈው ተኝቶ ስለሆነ፣ ያለችውን ጥቂት ክብደት እዚያ ላይ ማዋል አዋቂ ምርጫ ነው።

ሰው ሳትይዝ በኅዳር 2022 ወደ ጨረቃ የተላከችው አርቴሚስ 1 ሄልጋና ዞሃር የተባሉ ሁለት የሴት አካል ቅርጽ ያላቸው አሻንጉሊቶችን በበርካታ የጨረር መለኪያዎች ሞልታ ይዛ ነበር፤ ዞሃር መከላከያ ሰደርያ ለብሳለች፣ ሄልጋ አልለበሰችም። በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት በአንዲት መንኮራኩር ውስጥ እንኳ በተሻለ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው ቦታ መካከል የነበረው ልዩነት እስከ አራት እጥፍ ደርሷል። ከሁሉ የሚገርመው በውስጠኛው ቀበቶ ሲያልፉ መንኮራኩሯ አቅጣጫዋን መቀየሯ ብቻ የጨረሩን መጠን በግማሽ ያህል መቀነሱ ነው። አንዲት ግራም ሳይጨመር የተገኘ ጥበቃ ነው ማለት ይቻላል።

በመንኮራኩር ዙሪያ ሰው ሠራሽ መግነጢሳዊ መስክ የመፍጠር ሐሳብም ለአሥርት ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። የሚፈልገው ኃይልና ክብደት ግን እስካሁን ከወረቀት አላወጣውም።

ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞ ምን ያህል ያስከፍላል?

ይህን በግምት ሳይሆን በልኬት መመለስ ይቻላል። ኪዩሪዮሲቲ ከኅዳር 2011 እስከ ነሐሴ 2012 በ253 ቀናት ወደ ማርስ ስትጓዝ ራድ የተባለ የጨረር መለኪያ በውስጧ እየሠራ ነበር። የተመዘገበው አማካይ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከፀሐይ ማዕበል የመጣው በጣም ጥቂቱ ነበር። 180 ቀን ለመሄድ፣ 180 ቀን ለመመለስ ቢወሰድ በመንገድ ብቻ 660 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሆናል። በማርስ ገጽ ላይ የተለካው በቀን 0.64 ያህል ነው፤ ከመንገዱ የሚያንሰውም ከእግር በታች ያለው ፕላኔት ራሱ የሰማዩን ግማሽ ስለሚጋርድና ስስ የሆነው ከባቢ አየር ጥቂት ስለሚያግዝ ነው። በገጹ 500 ቀን ቆይቶ መመለስን ብንጨምር ጠቅላላው ወደ አንድ ሲቨርት ይጠጋል። ለንጽጽር፣ በ2019 በጨረቃ ጀርባ ያረፈችው የቻይናዋ ቻንግኧ 4 በጨረቃ ገጽ ላይ በቀን 1.37 ሚሊሲቨርት ለክታለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በማርስ ላይ አፈር ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሜትር አፈር የተከመረበት ወይም በጥንት የእሳተ ገሞራ ዋሻ ውስጥ የተሠራ መኖሪያ አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል። በመንገድ ላይ ግን አፈር የለም። እዚያ ከሁሉ የሚሻለው ጋሻ ጊዜ ነው፤ ጉዞውን የሚያሳጥር ሞተር ከየትኛውም ግድግዳ በላይ ይጠቅማል፤ የኑክሌር ኃይልን የሚጠቀሙ ሮኬቶች እንደገና የሚነሡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ሌላው ምርጫ የመነሻውን ዓመት ይመለከታል። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፀሐይ ስትነቃ ከእርሷ የሚወጣው መግነጢሳዊ ነፋስ ስለሚጠነክር ጋላክሲያዊው ጨረር ወደ ውስጥ መግባት ይከብደዋል። በዚያው ዘመን ማዕበሉ ይበዛል። ለጀማሪ ሰው ፀሐይ በተረጋጋችበት ጊዜ መሄድ የሚሻል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ማዕበሉን በመጠለያ መከላከል ሲቻል ጋላክሲያዊውን ስለማይቻል፣ በሚገባ የተሠራ መጠለያ ላላት መንኮራኩር ፀሐይ የነቃችበት ጊዜ የተሻለ ነው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል።

አንድ ጠፈርተኛ በሕይወቱ እንዲወስድ የሚፈቀድለት ጣሪያ አለ?

አለ። ናሳ በ2022 ባሻሻለው ደንብ ጣሪያው ለሁሉም 600 ሚሊሲቨርት ሆኗል። ከዚያ በፊት እንደ ዕድሜና እንደ ጾታ ይለያይ ስለነበር ለወጣት ሴቶች ዝቅ ያለ ነበር፤ ይህም የሴቶችን የበረራ ቀን ያሳጥር ነበር። አዲሱ ጣሪያ የተሰላው የ35 ዓመት ሴትን መነሻ አድርጎ፣ በጨረር ምክንያት የመሞት ተጨማሪ ዕድል በአማካይ ከ3 በመቶ እንዳያልፍ ተብሎ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲና ሩሲያ 1,000 ሚሊሲቨርትን ይጠቀማሉ። ከላይ የተጠቀሰውን የማርስ ስሌት ከእነዚህ ጋር ያስተያየ ሰው ጉዞው በናሳ ጣሪያ ውስጥ እንደማይገባ፣ በሌሎቹም ጫፍ ላይ እንደሚቆም ያያል።

ጨረርን የሚከላከል መድኃኒት የለም?

ለጠፈር ጨረር የሚሆን የለም። በሰፊው የሚታወቀው የፖታሲየም አዮዳይድ ክኒን የሚጠቅመው በኑክሌር አደጋ ጊዜ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወደ እንቅርት እጢ እንዳይገባ ብቻ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም። ለአጣዳፊ የጨረር ሕመም የደም ሕዋሳት ምርትን የሚያነሳሱ መድኃኒቶች አሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ወይም ቫይታሚን ከከባድ ኒውክለስ ጉዳት ያድናል የሚለው ግን በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

ከጠፈር የተመለሰ ሰው ጨረር ወደ ሌሎች ያስተላልፋል?

አያስተላልፍም። ቅንጣቶቹ ጉዳት አድርሰው ያልፋሉ እንጂ ሰውየውን ራሱን የጨረር ምንጭ አያደርጉትም። ቤተሰቡ ሊያቅፈው ይችላል።

ለጉብኝት ለአጭር ጊዜ የሚወጡ መንገደኞችስ?

ወደ ጠፈር ጫፍ ወጥቶ በደቂቃዎች የሚመለስ ሰው የሚወስደው ከረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ጋር እንኳ ሲነጻጸር የሚያሳስብ አይደለም። በምድር ዙሪያ ለጥቂት ቀናት መዞርም ቢሆን በጥቂት ሚሊሲቨርት የሚገመት ነው። ከፍታው ሲጨምር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በመስከረም 2024 የበረረችው ፖላሪስ ዶን እስከ 1,400 ኪሎ ሜትር ስለወጣች ተጓዦቿ የውስጠኛው ቀበቶ ጠርዝ ደርሰዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ለጽንሱ ሲባል ከማንኛውም የምሕዋር ጉዞ መታቀብ ይኖርባታል።

እስካሁን በጠፈር ጨረር ምክንያት በካንሰር የሞተ ጠፈርተኛ አለ?

እንዲህ ብሎ የተረጋገጠ ሞት የለም፤ ይህ ግን አደጋው የለም ማለት አይደለም። ካንሰር በምን እንደመጣ የሚናገር ምልክት ይዞ አይመጣም፤ በምድር ላይም ብዙ ሰው ይያዝበታል። የጨረርን ድርሻ ለይቶ ለማውጣት በጣም ብዙ ሰዎችን ለረጅም ዘመን ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ወደ ጠፈር የወጡት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በጤንነታቸው የተመረጡና ሲጋራ የማያጨሱ የሚበዙባቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሌላው ሕዝብ ቢበልጡ በጤና ነው። በዓይን ሞራ ላይ ግን ልዩነት ታይቷል፤ የበለጠ ጨረር የወሰዱት ጠፈርተኞች ቀደም ብለውና በብዛት ተይዘዋል። ከምድር መግነጢሳዊ ጥበቃ ውጭ በአፖሎ ዘመን የተጓዙት 24 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚያ ጉዞዎች ረጅሙ 13 ቀን አልሞላም፤ ስለዚህ የሦስት ዓመት የማርስ ጉዞ በሰው አካል ላይ ስለሚያመጣው ነገር የሚነገረው ሁሉ ለጊዜው የሚደገፈው በአይጥ፣ በሕዋስና በስሌት ላይ ነው።